ገና ሲጠብቅና ሲላላ

እናቴ ስለ አዲሱ ሥራዬ ለጎረቤት ስታወራ፣ «ልጄ እኮ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋና ለብቻዋ ታወራለች» ነበር የምትለው። ጎረቤቶቻችን ደጋግ ሰዎች ናቸው። አንዷ ሰማችና ፍቱን ያለችውን ጠበል በጀሪካን ይዛልኝ መጣች። አመስግኜ ተቀበልኳት፤ ምን ላድርግ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦሌ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለአንደኛ ክፍል ልጆች አማርኛ አስተምር ነበር። ቤታችን ደግሞ ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለቱም ቦሌ ስለተባሉ ጎረቤታሞች የሚመስሉት ሰው ካለ፣ አንድ ጠዋት ጎሮ ታክሲ ተሰልፎ ይሞክረው። ልጄን ከወለድኩ በኋላ ማልጄ ስወጣ ተኝታ ትቼያት፣ አምሽቼ ስመለስ ተኝታ አገኛት ነበር። አንድ እሑድ ላቅፋት እጄን ስዘረጋ አለቀሰችና ወደ እናቴ ዞረች። እናቴ «እንቅልፏ መጥቶ ነው» አለችኝ። እንቅልፏ እንዳልመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። በሳምንቱ መልቀቂያዬን አስገባሁ።

ቤት ሆኖ በኢንተርኔት ማስተማር የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ባለቤቴ ነው። «ቤታቸው በእንግሊዝኛ ብቻ እያወሩ አማርኛ የጠፋቸው ልጆች ሞልተዋል። ላፕቶፕ አለሽ፣ አፍ አለሽ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። እሱ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ነገር ይቀለዋል። እኔ ግን በልቤ አላመንኩበትም። ለእኔ ልጅ ማስተማር ማለት ንፍጥ መጥረግ፣ የጫማ ክር ማሰር፣ እጅ ይዞ «ሀ»ን ማስጻፍ ነው። መስታወት ውስጥ ያለች ልጅ እጇን በምን በኩል ይዣት?

ያም ሆኖ ጀመርኩ። ላፕቶፑን በባዶ የወተት ጣሳዎች ላይ አስቀመጥኩት። ከኋላዬ ቁምሳጥኑ ላይ የፊደል ገበታ ለጠፍኩ። ኔትወርክ የሚይዘው መስኮቱ ደፍ ላይ ብቻ ስለሆነ ስልኬ እዚያ ተቀምጣ ለላፕቶፑ ኢንተርኔት ታካፍላለች። ተማሪ ግን አልነበረም። ባለቤቴ ማታ ማታ «ተገኘ?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

የመጀመሪያዋን ተማሪ ያገናኘችኝ የድሮ ባልደረባዬ ናት። እናትየው ሰላማዊት ትባላለች፤ ሰሚት ነው የሚኖሩት። በስልክ ስናወራ «እርስዎ» ብላት «ኧረ በናትሽ አንቺ በይኝ፣ አታስረጂኝ» ብላ ሳቀች። ልጇ ኤልዳና ሰባት ዓመቷ ነው።

«ፊደል ታነባለች» አለችኝ፤ «መናገር ነው እምቢ ያለችው። በፊት እየተሰባበረም ቢሆን ታወራ ነበር። ከበዓሉ ወዲህ ግን ጭራሽ ዘጋችን። ሐኪም ጋ ሁሉ ልወስዳት ነበር። በእንግሊዝኛ እኮ ወፍ ናት!»

ሦስት ጊዜ ልንሞክር ተስማማን። «የኤልዱ ጓደኞች እናቶችም የእኔን እያዩ ነው» አለችኝ፤ «ካንቺ ጋር ከተናገረች ሁሉም ይመጣሉ።» እኔም ካልተናገረች ምን እንደሚሆን አልጠየቅኋትም። መልሱን አውቀዋለሁ፤ እኔ ወደ ጎሮው ሰልፍ፣ ልጄም ወደ አያቷ።

በመጀመሪያው ቀን ኤልዳና ታብሌቷን ጠረጴዛ ላይ አንጋለለችው። የሚታየኝ የቤታቸው ኮርኒስ ነበር። ክፍለ ጊዜውን በሙሉ አንድ አምፖል አማርኛ ሳስተምር ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ፊቷን አሳየችኝ፤ ክብ ፊት፣ ከፊት የወለቀ ጥርስ፣ የታጠፉ ክንዶች። የላም ሥዕል አሳየኋት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ካው።»

«በአማርኛስ?»

ዝም። የቤት ሥዕል፤ ዝም። የእናት ሥዕል፤ ዝም። መጨረሻ ላይ በዚያ በሚፈሰው እንግሊዝኛዋ «አማርኛ አልናገርም» አለችኝ።

«ለምን?»

«ውሸታም ስለሆነ።»

«ማን ነው ውሸታም?»

«አማርኛ» ብላ ዘጋችብኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ልጆች አማርኛ ይከብዳል፣ ይሰለቻል፣ ፊደሉ ይበዛል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይዋሻል ያለ ልጅ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ለእናቴ ነገርኳት። የልጄን ዳይፐር እየቀየረች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ቋንቋ ምን አፍ አለውና ይዋሻል? አንዱ ዋሽቷት ነው እንጂ» አለች፤ «ያንን እርጥብ ሶፍት አቀብይኝ።»

ሐሙስ ከሰላማዊት መልእክት ደረሰኝ። በትህትና ነው የተጻፈው። ልጅቷ ካልፈለገች ማስገደድ እንደማትወድ፣ ቅዳሜም እንደ ሁለቱ ቀናት ከሆነ በሰላም እንድንተወው የሚል ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ልንጀምር ስንል መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩና ቀጠልኩ። ኤልዳና አገጯን በእጆቿ ደግፋ ጠበቀችኝ። እኔን ሳይሆን መጨረሴን ነበር የምትጠብቀው። «እንደምን ዋልሽ?» አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች።

በዚህ መሃል ከፎቁ ሥር ካለው መንገድ ቆርቆሮና ጠርሙስ የሚሰበስበው ሰውዬ፣ «ቁራሌው!» ብሎ ጮኸ። ቅዳሜ ቅዳሜ የማይቀር ነው፤ ድምፁ አራተኛ ፎቅ ድረስ በአፍንጫው በኩል ይወጣል። ድምፄን ላጠፋ ስሯሯጥ ከላፕቶፑ ውስጥ «ቁራሌ-ኤ-ኤው!» የሚል ሰማሁ። በአፍንጫ፣ ከነመጎተቱ፣ ቁርጥ ሰውዬው! ኤልዳና ናት። ካለች በኋላ ደንግጣ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ሙሉዬ» አለች። ወዲያው ፊቷ እንደ መስኮት ተዘጋ።

«ሙሉዬ ማን ናት?»

ሞግዚቷ እንደነበረች በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። «ነበረች» የምትለዋን ቃል ጫን አድርጋ ነው ያለቻት። ሰላማዊት ስለ ሞግዚት አንድም ቀን አንስታልኝ አታውቅም። ልጅ ሲዘጋ በሩን መደብደብ ደግ አይደለም፤ ዝም ብዬ ወደ ጨዋታዬ ገባሁ።

ያዘጋጀሁት ጨዋታ «አንድ ቃል፣ ሁለት ሥዕል» ይባላል። በአማርኛ አንዳንድ ቃል አጻጻፉ አንድ ሆኖ ስታጠብቁትና ስታላሉት ሁለት ነገር ይሆናል አይደል? ፊደሉ ደግሞ ይህንን አይነግራችሁም፤ ከአፍ ነው የሚለየው። መጀመሪያ «ሰፊ» የሚለውን አወጣሁ። በአንዱ በኩል ልብስ ሰፊ ከነመኪናው፣ በሌላው በኩል ሁለት ሰው የሚያስገባ ሱሪ የለበሰ ሰውዬ። ሱሪውን ስታይ የወለቀው ጥርሷ ብቅ አለ። ትንሽ ተስፋ አደረግሁ።

ቀጥዬ «ገና»ን አወጣሁ። በግራ በኩል የገና ዛፍ ከነመብራቱ፣ በቀኝ በኩል አረንጓዴ ሙዝ፤ ያልበሰለ፣ «ገና ነው» የሚባለው።

«የቱ ነው ገና?»

ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጣቷን ወደ ዛፉ ቀሰረች። ፈገግታዋ ጠፍቶ ነበር፤ እኔ ግን በደስታዬ አላስተዋልኩም።

«ጎበዝ! አየሽ፣ እዚህ ጋ ‹ና› ይጠብቃል» አልኳት።

«ማንን?» አለች።

በአማርኛ ነው ያለችው። እኔ ግን መጀመሪያ አልገባኝም።

«ምን ማንን?»

«ማንን ይጠብቃል?»

ያኔ ገባኝ። እኔ ፊደሉ ይጠብቃል ስላት፣ እሷ ሰው እንደሚጠብቅ ነው የሰማችው። ክፍል ውስጥ ብሆን ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ እኔም አብሬ ስቄ፣ አርሜ አልፍ ነበር። እዚያ ግን ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም የለም፤ ፊቷም ስክሪኑን ሞልቶታል። አልሳቀችም። ዓይኗ ውስጥ እንባ ሞልቶ ነበር።

«እኔም ጠበቀ» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «ብዙ ጠበቀ። ገና መጣ። ሙሉዬ አልመጣም።»

«ሙሉዬ በገና እመጣለሁ ብላሽ ነበር?»

«በስልክ። እኔ መቼ አለ። ሙሉዬ ገና አለ። ገና ነው የኔ ቆንጆ አ...»

ምስሏ እዚያው ላይ ቀጥ አለ። አፏ ተከፍቶ፣ አንዲት እንባ ጉንጯ መሃል ላይ ቆማ። ኔትወርኩ ሄደ።

ስልኬን ከመስኮቱ ደፍ አንስቼ ወደ ላይ ያዝኳት፤ የለም። በረንዳ ወጣሁ፣ ወደ ደረጃው ሮጥኩ፤ የለም። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ስልኩ ላይ ስለሚሰፍር ኔትወርኩም አብሮ ይሞታል። ነገሩ እየገባኝ ነበር፤ ልጅቷ ግን እያለቀሰች ብቻዋን ቀርታለች። ወደ ሳሎን ስገባ እናቴ ልጄን አዝላ ቆማለች።

«ስልክሽን! ቶሎ!» አልኳት።

«ምን ሆነሻል?»

«ልጅ እያለቀሰችብኝ ነው!»

እናቴ ጀርባዋ ላይ ያለችውን ልጄን ዞር ብላ አየቻት፤ እኔንም አየችኝ። ጠበሉን እያሰበች እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ቢሆንም ስልኳን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ፤ የእሷም በዚያችው መስኮት ላይ በስንት ልመና ሠራች።

ስመለስ ስክሪኑ ላይ የጠበቀችኝ ሰላማዊት ናት። ኤልዳና ጭኗ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ደረቷ ውስጥ ደብቃለች።

«ምን ብለሻት ነው?» አለችኝ ሰላማዊት። አልጮኸችም፤ ግን ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። «ካልፈለገች እንተወው ብዬሽ አልነበር? ልጄን አስለቅሰሽ ትዘጊያለሽ?»

«አልዘጋሁም፣ ተቋርጦ ነው። ሰላሚ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቃት። ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ በቃ ይቅር።»

ሰላማዊት አልዘጋችብኝም። እኔም ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብዬ ቀስ አልኩ።

«ኤልዱዬ፣ ቅድም እንደ ቁራሌው ሰውዬ አደረግሽ አይደል? አሁን ደግሞ እንደ ሙሉዬ አድርጊልኝ። በስልክ ምን አለችሽ? ልክ እሷ እንዳለችው።»

ከዚያ ፊቷን ከእናቷ ደረት ሳታነሳ፣ የሌላ ሰው ድምፅ ከውስጧ ወጣ። የወሎ ሴት ድምፅ፤ ለስላሳ፣ የሚያባብል። «ገና ነው የኔ ቆንጆ፣ ገና ነው።»

«ና»ው ላልቶ ነበር። ላላ ያለ፣ ምንም የማያሻማ።

ሰላማዊት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ገብቷታል። እኔም ቶሎ ብዬ አረንጓዴውን ሙዝ መልሼ አወጣሁት።

«ይሄ ሙዝ ይበላል?»

በአንድ ዓይኗ አየችው። «ኖ። ግሪን ነው።»

«እንዲህ ያለ ሙዝ ሲሆን፣ በአማርኛ ‹ገና ነው› እንላለን። ‹ና›ው ይላላል። አልደረሰም፣ ግን ይደርሳል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ‹ኖት ዬት› የምትሉት። ዛፉ ሌላ ገና ነው። ሁለት መንታ ልጆች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው አይተሽ አታውቂም? አንዷን ጠርተሽ ሌላዋ ዞር ትልብሻለች። ሙሉዬ የነገረችሽ የሙዙን ነው።»

ኤልዳና ቀና አለች። ጉንጯ በእንባ ርሷል፤ ግንባሯ ግን ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ተቋጥሯል።

«ሙሉዬ አልዋሸም?»

«አልዋሸችም።»

«አማርኛስ?»

«አማርኛም አልዋሸም። ተመሳስሎብን ነው።»

ሰላማዊት ልጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት። ሙሉ ኤልዳናን ከተወለደች ጀምሮ ያሳደገቻት ሞግዚት መሆኗን፣ እናቷ ታማባት ወደ ወልድያ አካባቢ እንደሄደች፣ ከገና በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ስትደውል ሰላማዊት ራሷ መኪና እየነዳች ስለነበር ስልኩን ለኤልዳና እንደሰጠቻት የነገረችኝ ያኔ ነው።

«ትረሳታለች ብዬ ነበር እኮ» አለችኝ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ የምትናገር ትመስል ነበር። «ከዚያ በኋላ ስለ ሙሉ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።» ወደ ልጇ ዞረች። «ለምን አልጠየቅሽኝም የኔ እናት?»

ኤልዳና በእንግሊዝኛ መለሰች። «ቀኑን አውቀው ነበራ» አለቻት።

ሰላማዊት ስልኳን አነሳችና ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ታብሌቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። አይነሳም ብዬ ተስፋ ስቆርጥ፣ ቅድም ከልጅቷ አፍ የሰማሁት ያው ድምፅ ከስልኩ ወጣ።

«አቤት እትዬ! በደህና ነው? ኤልዱ ደህና ናት?»

«ሙሉዬ!» አለች ኤልዳና። ከዚያ አንዴ ወደ እኔ አየችና ትንፋሿን ሰብስባ፣ ‹ና›ዋን ቀስ አድርጋ አላላቻት። «ገና ነው?»

ሙሉ ስትመልስ ድምፏ ተለውጦ ነበር።

«ገና ነው የኔ ቆንጆ። እማዬ እግሯ ይጠናላትና እመጣለሁ። ብቻ... ሌላ ሰው ቀጥራችኋል ብዬ እኮ ነው መደወሉን የተውኩት።»

«ቦታሽ አለ ሙሉ» አለች ሰላማዊት። ሌላ ሞግዚት ስታፈላልግ እንደሰነበተች በኋላ ነግራኛለች፤ በዚያች ሰዓት ግን ያለችው ይህንን ብቻ ነው። «ቦታሽ አለ። እናትሽን አስታሚ።»

«ጠብቂኝ እሺ ኤልዱዬ?»

«እሺ» አለች ኤልዳና። «ጠብቃለሁ።»

እንዴት እንደዘጋን አላስታውስም። ላፕቶፑን ከድኜ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ደስ የሚል ለቅሶ ነው። እናቴ በሩን ገፋ አድርጋ አየችኝ።

«ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ነው የምታለቅሺው?» አለች። ልጄን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና ስልኳን ይዛ ወጣች። ልጄም አላለቀሰችም፤ የፊደል ገበታውን እያየች ጣቷን ትጠባለች።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከእናንተ መካከል እንደኔ ከቤት ለማስተማር ያሰበ ይኖራል። ምን ዓይነት ካሜራ፣ ምን ዓይነት መብራት እያላችሁ ትጨነቁ ይሆናል። እሱ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ እኔ እስካሁን ከወተት ጣሳ አልወረድኩም። ከዚያ ቅዳሜ የያዝኩት ሌላ ነገር ነው። ልጅ ሲሳሳት እርማቱን ወዲያው አልሰጥም። «እስቲ እንደሰማሽው ድገሚልኝ» እላለሁ። ስሕተት የመሰለን ነገር ብዙ ጊዜ ትክክል የተሰማ ነገር ነው፤ የተረጎመለት ሰው ማጣቱ ነው እንጂ። በመስታወት ውስጥ እጅ አይያዝም የሚለውን ሐሳቤንም ትቼዋለሁ። እጅ በጆሮም ይያዛል።

ወላጆችም ካላችሁ፣ ልጃችሁ ስለ አንድ ሰው መጠየቅ ሲያቆም ረሳ ብላችሁ አትደምድሙ። ምናልባት መልሱን ይዞ፣ ቀን እየቆጠረ ይሆናል።

የኤልዳና ጓደኞች እናቶች አንድ በአንድ መጡ፤ አሁን ባለቤቴ «ተገኘ?» ማለት ትቷል። ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ፣ ኤልዳና ቆማ ስለ ሰፈሯ አንድ አንቀጽ እያነበበችልኝ ሳለ የቤታቸው ደወል ተደወለ። ማንበቧን አቆመች። ከግቢው በር በኩል የሴት ድምፅ፣ በአፍንጫ ተጎትቶ፣ «ቁራሌ-ኤ-ኤው!» አለ።

ኤልዳና ወደ እኔ ዞረች። የወለቀው ጥርሷ በቅሎ ነበር።

«ቲቸር፣ ጠብቂኝ!» አለችኝና ሮጠች።

አንዲት ፊደል አላጠፋችም። ባዶ ወንበሯን እያየሁ ጠበቅኋት። እስካሁን ካስተማርኳቸው ቀናት ሁሉ ረጅም ሰዓት ምንም ሳላስተምር፣ ደስ እያለኝ የተቀመጥኩት ያን ቀን ነው።